የአንድ ዓመት ጥቀርሻ

ጥቅምት 4

የሾርባው ምስር ዛሬ ቶሎ በሰለ። ድንጋይም የለበትም። ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ለቅማ ምንም ስታጣ የከፋት መሰለኝ። ዕቃ ልታጥብልኝ ከመጣች ስንት ዘመኗ... ሬዲዮ ያልናት ስለማትናገር ነው።

ምሳ ላይ ደንበኞቼ፣ ባለታክሲው ጡሩንባና ጫማ ሰፊው፣ ተጣሉ። በቦታ። ጡሩንባ ታክሲውን በር ላይ ገትሮ እየጮኸ ገባ፤ አፉ ከመኪናው ጡሩንባ አይለይም። ሰፊው የዳሩን ቦታ ይዞበታል። "ይሄ እኮ የኔ ነው! አግዳሚው የመቀመጫዬን ቅርጽ ይዟል" ይላል። ሰፊው ቀና ሳይል፣ "አሃ፣ ለዚህ ነዋ የጎረበጠኝ" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳልወድ። በጭልፋው ጠቆምኩትና መሀል አስቀመጥኩት። እኔ ቤት ቦታ አይመረጥም። ክፍት ያለበት ይቀመጡበታል፤ ሳህኑ ከወጥ ቤቱ መስኮት ይወጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ቀድሞ የሚበላው ጥግ ያለው ነው። ድስቱ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል። ሌላ ሕግ የለኝም።

ቀለም ቀቢው ዛሬም ቀረ። ወገቡን ይዞታል አሉ። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ እየጠበቅኩት ነው። ግድግዳው ጠቁሮ ጠቁሮ... ሰው ቀና ብሎ ባየው ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። በየዓመቱ በዚህ ጊዜ በኖራ ነጭ ብሎ ይቆየኝ ነበር።

ሌላ ምን ነበር... አዎ፣ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ምግብ አለ ወይ እንኳ አላሉም። ምን ጠፍቷቸው ይሆን?

ጥቅምት 5

ዛሬም መጡ። ሌሎች ናቸው። አንዷ "እማማ፣ ጭልፋውን ትንሽ ከፍ" አለችኝ። ከፍ አደረግኩት። ለምን ከፍ እንዳደረግኩ እንጃ። ከሄዱ በኋላ ነው የተናደድኩት።

ጥቅምት 7

ጡሩንባ የግብር ሰዎች ናቸው ብሎ ሊያስፈራራኝ ሞከረ። ውሸቱን ነው። የግብር ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።

ጥቅምት 10

ጉድ ዛሬ ወጣ።

ያመጣችው ሲስተር ናት። ፊት ለፊት ካለው ሆስፒታል ነጭ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። "እማማ፣ መጽሐፍ ላይ ወጥተዋል እኮ!" አለች። አንድ በሽተኛ አልጋው ላይ ጥሎት የሄደ ነው። የጎብኚዎች መምሪያ። ቀጭን፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። "ላንብብልዎት?" ስትል "ስጪኝ" አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ቆጥሬያለሁ። ያስቆጠረችኝ ደግሞ እጄ ላይ ያደገችው የወንድሜ ልጅ ናት። ማዘጋጃ ቤት፣ የእንግዶች ክፍል ነው የምትሠራው። መምሪያውን ያዘጋጀችውም እሷ። ስሟ መጨረሻው ላይ አለ።

ሁለት ክፍል አለው። "የት እንብላ" እና "ምን እንይ"።

የመጀመሪያውን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ትልቁ ሆቴል። የወንዝ ዳር ካፌ። ዶሮ ጥብስ ቤቱ። ያ አዲሱ ኬክ ቤት፣ ከተከፈተ ገና ወር ያልሞላው... የለሁም። ፊደል ስቼ እንዳይሆን ብዬ ደገምኩት። የለሁም። ሲስተር ቀስ ብላ፣ "እማማ፣ ገጹን ይግለጡት" አለች።

ገለጥኩት። የሰዓቱ ማማ። የድሮው ባቡር ጣቢያ። በሁለቱ መሀል እኔ።

ፎቶም አለው። ግድግዳዬ! ያ የማፍርበት ግድግዳ፣ ሙሉ ገጽ። ከሥሩ የተጻፈውን እዚህ ልገልብጠው፣ ነገ አልተጻፈም እንዳልል፦ "የመቶ ዓመት ጥቀርሻ የለበሰ ወጥ ቤት። ጊዜ የቆመበት ግድግዳ። ባለቤቷ ደስ የሚሉ አዛውንት ናቸው፤ ፎቶ ቢነሱ አይከፋቸውም።"

መቶ ዓመት! ቤቱ ራሱ መቶ ዓመት የለውም። ጥቀርሻው የአንድ ዓመት ነው፣ ያውም ቀቢው ወገቡን ባይዘው ኖሮ ዛሬ አይኖርም። ቆሻሻዬን ቅርስ አደረጉት። ደግሞስ አይከፋቸውም ያለው ማነው? ማን ጠየቀኝ?

ስለ ሾርባው አንዲት ቃል የለም። አንዲት።

ጥቅምት 12

መጣች። የወንድሜ ልጅ። ሽቶዋ ቀድሟት ገባ። ፊቷ በርቷል።

"አየሽው እታለም?"

"አየሁት።"

"እና?"

"መቶ ዓመት ነው ያልሽው?"

ሳቀች። "እሱ እንኳ... እንደዚያ ነው እኮ የሚጻፈው። ማስታወቂያ ነው።"

"አምና በዚህ ወር ብሩሽ ይዛ እዚህ የቆመችው ማን ነበረች?"

"አምና አልነበርኩም። ካቻምና ነው።"

"ካቻምና ይሁንልሽ። ካቻምና አንቺ ነጭ ያደረግሽው ግድግዳ በምን ተአምር ነው መቶ ዓመት የሞላው?"

"ማን ያውቃል እታለም?"

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ልጅ ሆናም ስታጠፋ እንዲሁ አንድ ነገር ትነካካ ነበር።

"ሾርባውስ?" አልኳት። "ስለ ሾርባው ምነው ዝም አልሽ?"

"ሾርባማ የትም አለ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ግን የትም የለም።"

ጆሮዬን አላመንኩም። በዚያ ሾርባ ነው አጥንቷ የጠነከረው! ምሳሽን የት ነው የምትበይው አልኳት። ሆቴሉ ውስጥ፣ ከቢሮ ሰዎች ጋር። እውነቷን ነው፤ እዚህ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠች ስንት ዓመቷ? ትመጣለች፣ በር ላይ ትስመኛለች፣ ቆማ ታወራለች፣ ትሄዳለች። ለካ የጻፈችው ያየችውን ነው።

ከሄደች በኋላ ሽንኩርት ከተፍኩ። ለነገ የሚሆን ነበረኝ። ቢሆንም ከተፍኩ።

ጥቅምት 17

ዛሬስ እሳት ጎረስኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጎብኚዎች ከነሻንጣቸው መጡ። እንደ ሌሎቹ በር ላይ አልቆሙም፣ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ደስ አለኝ፤ ሊበሉ ነው አልኩ። ሳህን ማውጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳህን መሀል ያለው ሰውዬ ጋ ደረሰና ቆመ። ማሳለፍ አለበት፣ አያውቅማ። ለእሱ የመጣ መስሎታል። ከፊቱ አስቀመጠውና ፎቶ አነሳው። ሁለተኛውንም ያዘ፣ ለሚስቱ መሰለው። ሦስተኛውን ሚስቱ ለጎረቤቷ ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ሾርባ የሚባል አላለፈም። ጥግ ላይ ሰፊው፣ ሲስተርና ሦስት የጭነት ሠራተኞች ማንኪያ ይዘው ይጠብቃሉ። የጭነት ሠራተኛ ምሳ ሰዓቱ ስንት ነው? ዕቃው አይጠብቀውም።

ጡሩንባ ከወዲያ ጥግ፣ "ማዘር! ሾርባው መንገድ ላይ አደጋ ደርሶበታል!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። ጎብኚዎቹም ሳቁ፤ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው።

ቢበሉት እንኳ ምን ነበረበት። ጫፉን ቀምሰው ተዉት። ግድግዳውን ሲያዩ፣ ስለ ግድግዳው ሲያወሩ፣ በረደ። የበረደውን ሬዲዮ ሳህን በሳህን ስትደፋው አየኋት።  

ጥቅምት 19

ጡሩንባ ምሳውን በዕቃ ይዞ ወጣ። ታክሲው ውስጥ ሊበላ። "እዚያ ፎቶ የሚያነሳኝ የለም" አለ። የጭነት ሠራተኞቹ ጨርሶ አልመጡም።

ጥቅምት 20

እሑድ። ድስት የለም። ጡሩንባን ጠራሁትና፣ "ይቺን መጽሐፍ ከላይ እስከ ታች አዙረኝ" አልኩት። መምሪያውን ገለበጠና ሳቀ። "ማዘር፣ ዛሬ አንቺ ጎብኚ ነሽ ማለት ነው። ጭልፋሽን ከፍ አድርጊ!" በመጽሐፉ ልመታው ነበር።

መጀመሪያ የሰዓቱ ማማ። "ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይ ሆነው ከተማዋን ይመልከቱ" ይላል። በሩ ላይ ዝገት የበላው ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃውን ጠየቅኩት። ቁልፉን የያዘው ሰው ጡረታ ወጥቷል አለኝ። መቼ? እኔ ከመቀጠሬ በፊት። ታዲያ እዚህ ምን ትጠብቃለህ? "በሩን" አለ። ሌላ ምን ይበል።

ከዚያ ትልቁ ሆቴል። የምስር ሾርባ አዘዝኩ። ጡሩንባ ሜኑውን ገልብጦ ይዞ ያነበበ ይመስላል። ሾርባው መጣ፤ ለብ ያለ፣ ላዩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅጠል። ቅጠሉ ለምንድነው አልኩት አስተናጋጁን። "ለዓይን ነው" አለኝ። ለዓይን! ከዚህ በኋላ ምን ጠየቅኩ? ምንም። በላሁት፤ ምግብ አይጣልም። ምስሩ አልተፈጨም፣ ሽንኩርቱ ጥሬ ነው። ልጄ በየቀኑ ይህን እየበላች ነው።

እኔ ብጽፈው ኖሮ... እንዲህ እል ነበር። ድንች ጥብስ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንድ ዓይና ከሆነችው ሴት ብሉ፤ ግን ረፋድ ላይ፣ ዘይቱ አዲስ ሳለ። ዓሣ አትንኩ። ሰኞ ጨርሶ። ወንዝ ዳር ካፌውን ተዉትና ከድልድዩ ማዶ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ያው ወንዝ ነው፣ ወንበር አያንቀሳቅሱባችሁም። ኬክ ቤቱ ውስጥ መስታወቱን እዩና ውጡ። ዳቦ ከፈለጋችሁ እኔ የምገዛበት ሂዱ፤ ሰውየው ባለጌ ነው፣ ዳቦው አይደለም።

መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያው። ባቡር ከቆመ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ጡሩንባ፣ "እዚህ ምን አለ ማዘር፣ ባዶ ቤት ነው" አለ። ገባን። ጣሪያው መስታወት ነው። የከሰዓት ፀሐይ በእሱ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። ሁለት ርግቦች። ሌላ ሰው የለም። መምሪያው ላይ "ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ቤቱ መልሶ ያሰማዎታል" ይላል። ዝቅ አድርጌ አንድ ቃል ተናገርኩ። መለሰልኝ። ጡሩንባ እንኳ በሹክሹክታ ሞከረው።

ቆሜ ቀረሁ። ውብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ከተማ ኖሬ...

እሱ የባሰ አናደደኝ። ማየትማ ታውቅበታለች! ስለ ጣቢያው የጻፈችው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ቃል አይወጣለትም። ታዲያ እኔ ጋ ስትደርስ ዓይኗን ምን ነካው?

ጥቅምት 26

የወንድሜ ልጅ ኃላፊዋን ይዛ መጣች። ሰውየው ከረባት አስሮ፣ ሁለት እጁን ኋላው አድርጎ ገባ። እኔን ሰላም ሳይል ግድግዳውን ሰላም አለ። በጣቱ ነካው። ጣቱ ጠቆረ። ዙሪያውን አየና በድስት መያዣ ጨርቄ ጠረገው። በታጠበው!

"ይህ ግድግዳ ከእንግዲህ የከተማችን ሀብት ነው" አለ። "እንዳለ ይቆይ። እንዳይነካ።"

"ሾርባውስ የማነው?" አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው።

"ቁጭ ይበሉና ይቅመሱ።"

"አይ እማማ፣ እኔ ከቤት ውጭ አልበላም። ሆዴ አይችልም።"

እንግዳ የት ይብላ የሚለው መጽሐፍ ላይ ፊርማው ያለ ሰው ነው እንግዲህ። ከቤት ውጭ አይበላም!

እንግዶች ይመጣሉ አለ፣ ከሌሎች ከተሞች፣ ትልልቅ ሰዎች። በኅዳር። ማማውን፣ የኔን ቤትና ጣቢያውን ያያሉ። እሱ ሲወጣ ልጅቷ ወደኋላ ቀረች። እጄን ያዘችኝ።

"እታለም፣ እነሱ እስኪሄዱ ብቻ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ከዚያ እኔ ራሴ መጥቼ እቀባልሻለሁ። ከላይ እስከ ታች።"

"ከላይ እስከ ታች?"

"ጣሪያውንም።"

እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ለእሷ ነው፤ ለከረባቱ አይደለም።

ጥቅምት 30

ቀለም ቀቢው መጣ፣ ወገቡ ተሽሎታል። መልሼ ላክሁት። ያየኝን አስተያየት... ምን እንደምለው ጠፋኝ። "ግድግዳው የኔ አይደለም" አልኩት። ጤናዬን ጠየቀኝ።

ኅዳር 2

ያለጊዜው ዝናብ ጣለ። ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። መስኮት ብከፍት ይገባል፣ ብዘጋ ያፍናል።

ምሳ ላይ ሁሉም ሲበላ ከላይ አንድ ነገር ወረደ። ጥቀርሻ። እርጥበት ሲነካው ልጡ እየተነሳ ነው። የጫማ ሰፊው ሳህን ውስጥ ነው የወደቀው። ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ጥቁር ላባ።

አየሁት። እሱም አየው። ቀና ብሎ ወደኔ አላየም። በማንኪያው ጫፍ አወጣው፣ ሳህኑ ዳር ላይ አደረገው፣ በዳቦው ከደነው። ከዚያ መብላቱን ቀጠለ። ጎኑ ያለችው ሲስተር እንኳ አላወቀችም። ሲጨርስ እንደወትሮው "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ ወጣ።

ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን ቢወረውረው። "ይሄ ምግብ ነው?" ቢለኝ። ሰው ምን ያህል ቢያከብርሽ ነው ቆሻሻሽን ደብቆ የሚበላልሽ? ወይስ አዝኖልኝ ነው? ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ሳህኑን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ለሬዲዮ አልሰጠኋትም።

ኅዳር 4

ቀባሁት።

እሑድን ጠብቄ። ቀቢውን አልጠራሁም፤ ያልኩትን ሰምቶ ለከተማው አውርቷል። እኔና ሬዲዮ። ኖራውን በርሜል ውስጥ አፈላነው፣ አጠለልነው። ጥቀርሻውን በመጥረጊያ ስናወርደው ቤቱ ጨለመ፤ ፊታችን ጠቁሮ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀረን። ሬዲዮ እኔን አይታ ሳቀች። ድምፅ ያለው ሳቅ! ከዚያ በርሜሉን አየችና "ጨው" አለች። ረስቼው ነበር። ጨው ካልገባበት ኖራው ልብስ ላይ ይራገፋል። ጨመርን።

ግማሹን እንደጨረስን ልጅቷ መጣች። የእንግዶቹን መንገድ ልታይ። በሩ ላይ ቆመች። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

"እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየቀባሁ።"

"እሺ ብለሽኝ ነበር! በአፍሽ እሺ ብለሽኛል!"

"ብዬ ነበር። በሰው ሳህን ውስጥ ወደቀ።"

"ምኑ?"

"የመቶ ዓመቱ ጥቀርሻሽ። የጫማ ሰፊው ሳህን ውስጥ። በዳቦ ሸፍኖ በላ።"

"አንድ ጊዜ ለወደቀ... አምስት ቀን እኮ ነው የቀረው! ድንኳን ወጥሬልሽ ውጭ ታበያቸው ነበር፣ ሌላ ቦታ፣ ምንም..." ድምፅዋ ተሰበረ። "ግድግዳ አይደለም የምትቀቢው። ሥራዬን ነው።"

ብሩሹ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ልታዝንልኝ ስትችል... አይ። እኔም ልራራላት እችል ነበር። ግን ግድግዳው ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው፤ እንዲያ ሆኖ አይተውም። ሌላ ብሩሽ አለ፣ ባልዲው ዳር። ሁለታችንም አየነው። አላነሳችውም።

ሄደች። እስኪመሽ ጨረስነው። ጣሪያውንም።

ኅዳር 5

ሰፊው ገባ፣ ዙሪያውን አየ፣ ተቀመጠ። ሁለተኛ ሳህን ጠየቀ። ጠይቆ አያውቅም።

ኅዳር 9

መጡ። መኪና ሙሉ። ከሰዓት፣ ድስቱ ካለቀ በኋላ። ኃላፊው ፊት ፊት እየሄደ፣ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ወደኋላው እየተራመደ፣ "አሁን ደግሞ ጊዜ የቆመበትን..." እያለ በሩን በጀርባው ከፈተው። ከዚያ ዞረ።

ነጭ። ከጥግ እስከ ጥግ። የኖራ ሽታ።

አፉን እንደከፈተ ቀረ። እንግዶቹ ገቡ፣ ቆሙ፣ ወደላይ አዩ፣ ወደጎን አዩ። የሚታይ ነገር ፈለጉ። አንዱ ባዶውን ግድግዳ ፎቶ አነሳ። ምን እንዳየበት እንጃ። አንዲት ሴትዮ ሆዷን ይዛ፣ "የሚቀመስ ነገር አይኖርም?" አለች። አልቋል አልኳት። አሳዘነችኝ። ከሁሉም እሷ ብቻ ናት ጥያቄ የጠየቀችው።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ልጅቷን፣ "ይሄ ምንድነው?" አላት። ጥርሱን ነክሶ ነው። እኔ ከመስኮቱ ማዶ ነኝ፤ ሁሉን እሰማለሁ።

እሷ እኔን አላየችም። ወለሉን እያየች፣ "አርጅተዋል ጌታዬ" አለች። "የሚያደርጉትን አያውቁም። ይቅርታ ያድርጉላቸው።"

አንቺ እያለችኝ ያደገች ልጅ።

"የማደርገውንማ አውቃለሁ" አልኩ ከመስኮቱ። "ኖራ፣ ውሃ፣ ጨው። ትንሽ ስትሆኚ በጥብጬ ያሳየሁሽ ነው። አንቺስ የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?"

ወጡ። ኃላፊው በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው፤ እኔ እንኳ እንዲያ አድርጌ ዘግቼው አላውቅም።

ኅዳር 10

አርጅተዋል።

ኅዳር 11

ማርጀትማ አርጅቻለሁ። ግን የሚያደርጉትን አያውቁም? ይህን ከየት አመጣችው? እንዲያ ብላ ለመናገር ስንት ጊዜ አሰበችበት? ወይስ አፏ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር?

ኅዳር 21

ጎብኚ ቀነሰ። የሚመጣውም በሩ ላይ ቆሞ መጽሐፉን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ቤት የተሳሳተ መስሎት ይሄዳል። የጭነት ሠራተኞቹ ተመለሱ። ጡሩንባ ከታክሲው ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተመለሰ፤ ጆሮዬም ወደ ቀድሞ ሕመሙ።

ልጅቷ አልመጣችም። እኔም አልላክሁባትም። ምን ብዬ?

ኅዳር 28

ጡሩንባ ሾርባውን እየጠጣ፣ "የወንድምሽን ልጅ አየኋት" አለ። ለአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከቢሮ አንስተዋታል። መናኸሪያው ውስጥ ካለችው የመስታወት ሳጥን ነው ያስቀመጧት፤ ለሚወርደው መንገደኛ ሽንት ቤቱ በዚህ፣ ታክሲው በዚያ የሚባልባት። ብርድ ነው አለ። አውቶቡሶቹ ጭሳቸውን ፊቷ ላይ ነው የሚለቁት።

ደሜ ፈላ። ያ ከረባት! መቶ ዓመት የሚለውን አንብቦ የፈረመው እሱ አይደለም? ማማው ተቆልፎ "ከላይ ሆነው ይመልከቱ" ሲል እሱስ የት ነበር? እሱ ወንበሩ ላይ አለ። እሷን ጭስ ውስጥ ጣሏት። የተማረች ልጅ! ያንን ጣቢያ ያየችበት ዓይን ለሽንት ቤት ማሳያ?

እኔ በእሷ ልናደድባት እችላለሁ። እሱን ማን ፈቀደለት?

ታኅሣሥ 2

እሑድ። ሄድኩ። ልቆጣት ነው የሄድኩት፣ እውነቱን ልጻፍ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ነበር።

የመስታወት ሳጥን ናት፣ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያላት። ሰው ሁሉ አንገቱን ሰብሮ በቀዳዳዋ ይጠይቃል። እኔ አላጎነበስኩም። መስታወቱን በቀለበቴ መታሁት።

ቀና አለች። ቀልታለች፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ሹራብ ላይ ሹራብ ደርባለች። በሩን ከፈተችልኝ። ውስጡ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ እሷ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ካርቶኑ ሙሉ መምሪያ ነው።

"እታለም... ስለዚያ ቀን..."

"ስለዚያ ቀን አትንገሪኝ። አርጅቻለሁ። አላስታውስም።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልታየኝም። ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል። የደረደርኩትን ሁሉ ፈለግኩት፤ ጠፋ። "ጉንጭሽ ጎድጉዷል" አልኳት። "ያን ቅጠላቸውን ነው የምትበይው?"

"ሆቴል መሄድ ትቻለሁ። ከእነሱ ጋር አልቀመጥም።"

"ታዲያ ምን ትበያለሽ?"

የሹራቧን ቁልፍ ነካካች። አውቶቡስ ገባ፣ ጭሱን ለቀቀ። መስታወቱ ጠቆረ። እጅጌዋን ስባ ከውስጥ ልትጠርገው ሞከረች፤ ጥቀርሻው ግን ከውጭ ነው።

ባልና ሚስት መጡ። ሻንጣቸው ከብዷቸዋል፣ ልጅ ታዝሏል። ሰውየው በቀዳዳዋ አጎንብሶ፣ "እባክሽ፣ የት ብንበላ ይሻላል?" አላት።

እጇ ወደ ካርቶኑ ሄደ፣ ልማድ ነው። መምሪያ አንስታ ልትሰጠው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ እጇ ቆመ። መለሰችው። እኔ የማልሰማ መስዬ ውጭ ውጭውን አየሁ።

"ዛሬ እንኳ ዝግ ነው" አለች። "ነገ ከቆያችሁ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ፣ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት። የምስር ሾርባ ነው፣ ሌላ የለም። ስድስት ሰዓት ላይ ድረሱ። ሳህን ሲሰጧችሁ አሳልፉት፣ የእናንተ ይመጣል።"

ሰውየው መጽሐፉን አየ፣ ካርቶኑን አየ። "የሚታይ ነገርስ አለው?"

"ምንም የለውም" አለች። "ርቧችሁ ሂዱ።"